የተማሪ መጽሔት ሽፋን፦ ኤ4፣ 48 ገጽ፣ 500 ቅጂ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ተመልከቱልን

#1 የክበቡ ጸሐፊ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ጽሑፍና ሚኒ ሚዲያ ክበብ በዓመት ሁለቴ የሚያወጣው መጽሔት አለ፤ የኅዳር 2018 እትም ሽፋን ላይ አስተያየት ፈልገን ነው።

መጠኑ ኤ4። ውስጡ 48 ገጽ፣ 80 ግራም ነጭ ወረቀት፣ በጥቁር ብቻ የሚታተም። ብዛቱ 500። የእትሙ ዋና ጽሑፍ ስለ ዶርም የውሃ ወረፋ ነው፤ ርዕሱ «ተራ»።

የመጀመሪያው ንድፍ እንዲህ ነው፦ ከላይ የዩኒቨርሲቲው ዓርማ በትልቁ፤ ከሥሩ የመጽሔቱ ስም በኒያላ ፊደል ቦልድ ተደርጎ፤ መሃል ላይ ከግቢው በር ፊት ጋዋን ለብሰው የቆሙ አምስት ተማሪዎች፤ ግራና ቀኝ ስምንት የጽሑፍ ርዕሶች፤ ታች በስተቀኝ የዲኑ ፎቶና መልእክት፤ ዙሪያውን ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ያለ ቀጭን ወርቃማ ክፈፍ። የተሠራው በነፃው ካንቫ ነው። ፎቶው በቴሌግራም የመጣ ነው። ባለ አራት ቀለም ሽፋን በጀታችን ይችለው እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሳትራሩ ንገሩን።

#2 ፊደል ለቃሚ

ሳትራሩ ካላችሁ፦ ይሄ ሽፋን አይደለም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ስምንት ርዕስ፣ ሁለት ፎቶ፣ ዓርማ፣ መልእክት፣ ክፈፍ። ዓይን የት ይረፍ?

ሽፋን ላይ መጀመሪያ የሚወሰነው ቀለም አይደለም፤ የትኛው አንድ ነገር ይቅደም የሚለው ነው። እናንተ ደግሞ የሚቀድመውን በእጃችሁ ይዛችሁ ስምንት ርዕስ ውስጥ ደብቃችሁታል። «ተራ» ሁለት ፊደል ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ርዕስ በኤ4 ላይ እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሊወጠር ይችላል፤ ከላውንጁ ማዶ ይነበባል። ከዚያም በላይ ቃሉ ራሱ ሁለት ወገን አለው፦ የወረፋ ተራም ነው፣ «ተራ ነገር» የምንለውም ነው። ውሃ መጠበቅ ተራ ነገር ሆነብን የሚለው ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ከበሩ ፊት የቆሙ አምስት ባለ ጋዋኖች ይህን አይናገሩም፤ የምረቃ እትም ነው የሚያስመስሉት።

ከስምንቱ ርዕስ ሦስቱን አስቀሩ። እያንዳንዱ ከስድስት ቃል አይብለጥ፣ የገጽ ቁጥር ይኑረው። ቀሪው ለማውጫው ነው።

#3 ጥግ ይዤ

የግቢው በር መታወቂያችን ላይ፣ ካላንደሩ ላይ፣ ድረ ገጹ ላይ፣ የፍሬሽማን መመሪያው ላይ አለ። እረፍት ስጡት።

#4 ዓይነ ውሃ

የቴሌግራሙን ፎቶ በተመለከተ ሒሳቡን እዩት። ቴሌግራም በፎቶነት የተላከን ምስል በተለምዶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። በቁሙ የተነሣ ፎቶ 960 በ1280 ሆኖ ይደርሳችኋል ማለት ነው። የኤ4 ሽፋን በየጎኑ ሲቆረጥ የሚወገድ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሲጨመርበት 216 በ303 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን በኢንች 300 ነጥብ ለመሙላት 2551 በ3579 ፒክስል ያስፈልጋል። የእናንተ 960 ወደ 216 ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ በኢንች 113 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ወረቀት ላይ ግን የቅንድብ ጸጉርና የጋዋኑ ጥልፍ ይደበዝዛል፣ የፊት ጠርዝ ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይወጣል። ፎቶሾፕ ውስጥ ቁጥሩን 300 ብሎ መሙላት የጠፋውን አይመልስም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶ ያነሣው ልጅ በ«ፋይል» በኩል ይላከው እንጂ በ«ፎቶ» በኩል አይላከው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ፒክስሉን አይታችሁ ተቀበሉ።

#5 ፊደል ለቃሚ

ፊደሉ ላይ ልመለስ፤ ብዙ የግቢ መጽሔት የሚበላሸው እዚህ ነው።

ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካም እንደዚሁ። ቦልድ የሚለውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ዙሪያውን ያወፍረዋል፤ ፊደል ቀራጭ ያሰበበት ውፍረት አይደለም። በአማርኛ ይህ የሚጎዳው ከላቲኑ በላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ ነገር ነው። «ሚ» እና «ሜ»ን፣ «ቢ» እና «ቤ»ን አስተያዩ፦ ሳልሱ ቀጥ ያለች ቅጥያ አላት፣ ኃምሱ ደግሞ ያቺኑ ቅጥያ ቀለበት አድርጎ ያዞራታል። የቀለበቷ ቀዳዳ በሐሰተኛ ቦልድ ስትጠብ፣ ከዚያ ማተሚያው ላይ ቀለም ትንሽ ሲፈስባት፣ ትደፈናለች። «ቤት» ያላችሁት «ቢት» ይሆናል። «ጭ»፣ «ኜ»፣ «ሼ» ላይም ተመሳሳይ ጣጣ አለ።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ደማቅ ጥቁር ዘጠኝ ውፍረት አላቸው፤ ነፃ ናቸው፤ ለኅትመትም ይፈቀዳሉ። ለ«ተራ» የመጨረሻውን ውፍረት ውሰዱ፤ ለትንንሾቹ ርዕሶች መካከለኛውን።

ሌላው፦ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ዘመም ፊደልም የለውም። በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ በካፒታልና በኢታሊክ የሚደረገውን መለየት እኛ በመጠን፣ በውፍረትና በባዶ ቦታ ነው የምናደርገው። ፊደሉን በግድ ማጋደል ነፋስ የመታው አጥር ያስመስለዋል፤ ተዉት። ከላይ ወደ ታች በሚደረደሩ ርዕሶች መካከል የመስመሩን ርቀት ከፊደሉ መጠን 130 በመቶ በታች አታውርዱ፤ «ሏ» እና «ቧ» ያሉት ታች ሲወርዱ፣ «ኛ» ያለው ላይ ሲወጣ ይጋጫሉ።

አሮጌ ጽሑፍ ከፓወር ግዕዝ የምትገለብጡ ከሆነም ተጠንቀቁ። ከዩኒኮድ (በሁሉም ማሽን የጋራ ከሆነው የፊደል መለያ) በፊት የተለመደ አሠራር ስለሆነ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል መለያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፊደሉ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ከዚያ ይነበብ፤ ሲቀየር ዲቃላ ፊደሎችና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ስሕተት ይገባል።

#6 ጋሼ ፕሌት

እናንተ ልጆች፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ልብ በሉ።

አንድ፣ ወርቃማው ክፈፍ ይውጣ። የመቁረጫ ማሽን አንድ ክምር ሲቆርጥ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ወረቀት 1 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም 2 ሊለያይ ይችላል። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ ክፈፍ በአንድ በኩል 4፣ በሌላው 2 ይሆንና 500ውም ጠማማ ሆኖ ይወጣል። ክፈፍ ባይኖር ኖሮ ያንን 1 ሚሊ ሜትር ማንም አያይም ነበር። «ወርቃማ» ያላችሁትም በአራት ቀለም ሲታተም ሰናፍጭ ነው የሚመስለው። አስፈላጊ ጽሑፍ ሁሉ ከሚቆረጠው ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ይበል።

ሁለት፣ ፋይሉን የፊቱን ለብቻ፣ የጀርባውን ለብቻ አድርጋችሁ አታምጡ። ሽፋን አንድ ወረቀት ነው፦ 420 በ297 ሚሊ ሜትር፣ ትርፉ ሲጨመር 426 በ303። የፊቱ ገጽ በቀኝ፣ የጀርባው በግራ። ግማሹ ሰው ገልብጦ ነው የሚያመጣው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስለምናነብ «ፊት ይቀድማል» ብሎ በግራ ያስቀምጠዋል፤ ሲታጠፍ መጽሔቱ ከኋላ ይከፈታል። አንድ ወረቀት አጥፋችሁ በእስክሪብቶ «ፊት» «ጀርባ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ዘርግታችሁ እዩት።

ሦስት፣ ጥራዙ በሽቦ ይሁን። 48 ገጽ ማለት 24 ቅጠል ነው፤ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ 2.4 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሽፋኑ ሲጨመር 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በሙጫ ለመጠረዝ ቀጭን ነው፣ ጀርባው ላይም ስም አይጻፍበትም። በሽቦ ሲጠረዝ ግን የገጹ ብዛት በ4 መካፈል አለበት፤ 48 ይካፈላል። በመጨረሻ ሰዓት «አንድ ግጥም ትጨመር» ብላችሁ 50 እንዳታደርጉብን።

አራት፣ አራት ቀለም ለምን አስፈለጋችሁ? አራት ቀለም አራት ፕሌት ነው፤ ፕሌት ማለት ለየቀለሙ ለብቻ የሚዘጋጅ የማተሚያ ሳህን ነው። ለ500 ቅጂ ዋናው ወጪ ፕሌቱና ማሽኑን ማዘጋጀቱ ነው፤ ወረቀቱ አይደለም። ነገራችሁ ውሃና ጀሪካን ከሆነ ጀሪካኑ ቢጫ ነው፣ ፊደሉ ጥቁር ነው። ሁለት ፕሌት።

#7 ቀለም በጥብጥ

የጋሼን አራተኛ ነጥብ አንድ እርምጃ ልውሰደው። መደቡን ሙሉ በሙሉ ቢጫ አድርጉት። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። የግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች በነጭ ኤ4 የተለጠፈ ነው፦ የፈተና ፕሮግራም፣ የጠፋ ፍላሽ፣ የዶርም ምደባ። ነጭ መደብ ያለው ሽፋን እዚያ መሃል ሲሰቀል ይጠፋል። ቢጫው ግን ከኮሪደሩ ጫፍ ይጠራል። ጥቁር በቢጫ ላይ ደግሞ በርቀት ለማንበብ ከሚመቹት ሁሉ አንደኛው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ንጹሑ የማተሚያ ቢጫ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። የጀሪካኑ ቢጫ ሞቅ ያለ ነው። በአራት ቀለም ቢሆን 15 በመቶ ገደማ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ የማተሚያ ቀለም) ትጨምሩበት ነበር፣ ያ ግን ሦስተኛ ፕሌት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ቢጫው 100 በመቶ ሆኖ በቢጫው ፕሌት ይቀመጥ፤ ማሽኑ ላይ የሚገባው ቀለም ግን አስቀድሞ ትንሽ ማጀንታ የተደባለቀበት ይሁን። በፓንቶን የቀለም መለያ 116 ብላችሁ ብትጠይቁ ባለሙያው ይገባዋል። ፕሌቱ አንድ፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ።

#8 ሰላ ያለ

በሁለት ቀለም የሚታተም ሽፋን የብልጽግና... ይቅርታ፣ የድህነት ምልክት አይሆንም? የዛሬ ተማሪ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያየው ስልክ ላይ ሚሊዮን ቀለም ነው። ሁለት ቀለም በራሪ ወረቀት ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ሰው የሌለበት ሽፋን ማን ያነሣዋል? ሰው ሰው ማየት ይወዳል።

#9 ቀለም በጥብጥ

ሰው ማየት ይወዳል፣ እውነት ነው። ግን የትኛውን ሰው? በሰልፍ ተደርድሮ ካሜራ የሚያይ ሰው ምንም አይነግርም። ፊት የሚሠራው ፊቱ ላይ ነገር ሲኖር ነው፤ ያ ደግሞ ጥሩ ፎቶ አንሺ፣ ጥሩ ብርሃን፣ አራት ፕሌት ይፈልጋል። የቆዳ ቀለም በደካማ ኅትመት ወይ ቀይ ወይ አመድ ይሆናል። መካከለኛ ፎቶ በአራት ቀለም ከመታተሙ ሁለት ፊደል በሁለት ቀለም አሥር እጅ ይበልጣል። በራሪ ወረቀት የሚያስመስለው የቀለሙ ማነስ ሳይሆን የጽሑፉ መብዛት ነው።

ደግሞ ዶርም ውሃ ሲጠብቅ የተነሣ ተማሪ ሽፋን ላይ ለመውጣት ፈቃዱን መስጠት አለበት። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መላው ግቢ ፊት መቅረብ የሚፈልግ ብዙ የለም።

#10 የክበቡ ጸሐፊ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ሦስት ጥያቄ አለን። ጀሪካኑን እንዴት እናንሣው? በሁለት ፕሌት ፋይሉ እንዴት ይሠራል? የዲኑን ፎቶስ ምን እናድርገው?

#11 ዓይነ ውሃ

ጀሪካኑን። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ውሰዱ፤ አዲስ አይሁን፣ እጀታው የተላላጠ፣ የዶርም ቁጥር በማርከር የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል (ቁጥሩ የእውነተኛ ሰው ክፍል ከሆነ አጥፉት)። እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውሃው ያለበት ጠቆር፣ ባዶው ፈካ ይልና የውሃው መስመር ከውጭ ይታያል። ያቺ መስመር ናት የፎቶው ነገር። ግማሽ መሆኑን ሳትናገሩ ተናገራችሁ።

ስልኩን በጀሪካኑ ወገብ ከፍታ፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ ያዙት፤ በሁለት እጥፍ ሌንስ አቅርቡት። ተጠግታችሁ በሰፊው ሌንስ ካነሣችሁ ሆዱ ያብጥና አናቱ ይሾልካል። ከኋላ ርቆ ነጭ አንሶላ ወጥሩ፤ ለመቁረጥ ይቀላል። አሥራ አምስት ያህል አንሡ፣ አንዱን ምረጡ።

#12 ቀለም በጥብጥ

ሁለቱ ፕሌት። ነፃው ካንቫ ፋይል የሚያወጣው በስክሪን ቀለም ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኢለስትሬተር ወይም ኢንዲዛይን ከሌላችሁ ስክራይበስ ነፃ ነው።

ጀሪካኑን በፔን መሣሪያ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በአስማት ዘንግ አትቁረጡት፣ ጠርዙ ይቦጫጨቃል። ወደ ግራጫ ቀይሩት። ከዚያ የብርሃኑን መጠን አስተካክሉ፦ ከሁሉ የጨለመው ቦታ 95 በመቶ፣ ከሁሉ የፈካው 5 በመቶ። ምክንያቱም ከ95 በላይ ያለው ነጥብ ማሽኑ ላይ ተደፍኖ ጥቁር ዝርግ ይሆናል፤ ከ5 በታች ያለው ደግሞ ሳይያዝ ይቀራል።

ከታች ሙሉ ቢጫ አራት ማዕዘን፣ 426 በ303። ግራጫው ጀሪካን ከላዩ ላይ በጥቁር ብቻ ይቀመጥ፣ «ኦቨርፕሪንት» ይሁን። ፊደሎቹም 100 በመቶ ጥቁር፣ ኦቨርፕሪንት። ኦቨርፕሪንት ካልተደረገ ፕሮግራሙ በጥቁሩ ሥር ያለውን ቢጫ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሁለቱ ፕሌቶች በ0.2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ በየፊደሉ ጠርዝ ነጭ ክር ይወጣል። ቢጫው ሥር ካለ ግን መዛነፉ አይታይም፣ ጥቁሩም ይጠልቃል።

ጀሪካኑም መደቡም ቢጫ ስለሆኑ የሚለያያቸው ጥላ ነው። እጀታው ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን አንድ ቀጭን ቦታ ከቢጫው ቆርጣችሁ ነጭ አድርጉት፤ ጀሪካኑ ከመደቡ ተነሥቶ ይወጣል። ቀጭን ትሁን፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ግን አትነስ።

ፒዲኤፉ ሲወጣ አክሮባት ውስጥ የቀለም መለያውን ክፈቱ። ቢጫውንና ጥቁሩን አጥፉ። ገጹ ባዶ ነጭ መሆን አለበት። ፊደል ወይም የፎቶ ጥላ ከቀረ አንድ ቦታ የስክሪን ጥቁር ተደብቋል ማለት ነው፤ ያ ጥቁር ከአራቱም ቀለም የተሠራ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ወይ አራት ፕሌት ያስከፍላችኋል ወይ ፊደሉ ግማሹ ሳይታተም ይቀራል።

#13 የቢሮ ሰው

የዲኑ ነገር በንድፍ ሰዎች አይፈታም፣ በቅደም ተከተል ነው የሚፈታው። መልእክታቸው የውስጥ ገጽ 1 ላይ፣ ከርዕሰ አንቀጹ በፊት፣ ፎቶው በንጹሕ ሁኔታ ታትሞ ይውጣ፤ ቦታው የክብር ቦታ ነው። የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ከጀርባው ሽፋን ታች 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቀመጥ፤ ዓርማውን አታጣሙ፣ አትለጥጡ፣ ቢጫ ላይ በጥቁር ብቻ ሲሆን ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለማጽደቅ ስትሄዱ ስልክ ላይ አታሳዩ። በትክክለኛ መጠን ታትሞ፣ ታጥፎ፣ በስቴፕለር የተያዘ ናሙና ይዛችሁ ግቡ። ስልክ ላይ የታየ ሽፋን ሁሉም ሰው «እዚህ ጋ ትንሽ ነገር ጨምሩ» ይልበታል፤ በእጅ የተያዘ መጽሔት ያለቀ ነገር ስለሚመስል አስተያየቱ ይቀንሳል። ፊርማ በናሙናው ላይ ይሁን። የውሃ ወረፋው ጽሑፍ ውስጥም የጽሕፈት ቤቱ መልስ ይካተት፤ ያለዚያ ሽፋኑ የሚታየው በመጽሔትነቱ ሳይሆን በክስነቱ ነው።

#14 ጥግ ይዤ

አንድ ሐሳብ ላቀብል። «ተ»ን አስተውላችሁ እዩአት። እጇን ዘርግታ የቆመች ሰው ትመስላለች። በወረፋ አሰልፏት፦ ተ ተ ተ ተ ተ ራ።

#15 ፊደል ለቃሚ

» እጇን ዘርግታ የቆመች ሰው ትመስላለች

ይሄን ያህል ዘመን ስንለቅማት ኖረን አላየናትም! ግን ሁሉም ፊት ላይ ከተሰለፉ «ተራ» መነበቡ ይቀራል፣ «ተተተተ» ብሎ የሚንተባተብ ሽፋን ይሆናል። ጋሼ ያለው ላይ መልሱ አለ፦ ጀርባው በግራ፣ ፊቱ በቀኝ፣ አንድ ወረቀት። ወረፋው ከጀርባው ሽፋን ግራ ጫፍ ይጀምር፣ አራት «ተ» በተመሳሳይ መስመር ይቁሙ፤ ማጠፊያውን አልፎ ፊቱ ላይ አንድ «ተ» እና «ራ» ብቻ። ፊቱን ለብቻው ያየ «ተራ» ያነባል። መጽሔቱን ገልብጦ የዘረጋ ሰልፉን ያገኛል። ጀሪካኑ ከ«ራ» ሥር፣ የወረፋው መጨረሻ ላይ።

ማጠፊያው ላይ ፊደል እንዳያርፍ። ከማጠፊያው በግራም በቀኝም 12 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዉ።

#16 ጋሼ ፕሌት

ያ ጎበዝ ነው። ጥቁር ዝርግ ማጠፊያው ላይ ቢያርፍ ካርዱ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቅና ነጭ ስንጥር ይወጣ ነበር። ቢጫም ይሰነጠቃል፣ ግን ነጭ ላይ ቢጫ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም።

ካርዱ 250 ግራም አርት (ለስላሳ ልባስ ያለው ወረቀት) ይሁን። ሒሳቡን ልስጣችሁ፦ ሙሉው ወረቀት 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ ሽፋን 32 በ45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከአንድ ሙሉ ወረቀት አራት ይወጣል። 500 ቅጂ፣ ለማሽን ማስተካከያና ለብልሽት 60 ጨምሩ፣ 560። ለአራት ሲካፈል 140 ሙሉ ወረቀት።

ግን ወረቀት እንደ እንጨት ጭረት አለው፤ በጭረቱ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ በተቃራኒው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። 70 በ100 የሚመጣው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ጭረቱ በ100 በኩል ነው፤ አራት ስታወጡበት ማጠፊያችሁ ጭረቱን ያቋርጠዋል። አዙራችሁ ብትቆርጡ በጭረቱ ይታጠፋል፣ ግን ሦስት ብቻ ነው የሚወጣው፤ 187 ወረቀት ይበላል። ባለ አራቱን ውሰዱ፣ ነገር ግን ከመታጠፉ በፊት ክሪዝ ይደረግ፣ ማለትም የሚታጠፍበት መስመር በማሽን ይረገጥ። «ክሪዝ ተጨምሯል ወይ?» ብላችሁ ዋጋ ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ላይጨመር ይችላል።

ቢጫው ይቀድማል፣ ጥቁሩ ይከተላል። ከቢጫው በፊት ማሽኑ በደንብ ይታጠብ በሉ፤ ከቀደመው ሥራ የቀረች ትንሽ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቢጫውን አረንጓዴ ወይም ጭቃ ታደርገዋለች። ሌላ ቀለም ይችላታል፣ ቢጫ አይችላትም። ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ልባስ) ከፈለጋችሁ ቀለሙ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።

#17 የክበቡ ጸሐፊ

ሁለተኛው ንድፍ አለቀ። ሙሉ ቢጫ፤ ፊት ላይ «ተራ» በኖቶ ሳንስ የመጨረሻው ውፍረት፣ ስፋቱ 178 ሚሊ ሜትር፤ ከሥሩ ጀሪካኑ፤ ጀርባው ላይ አራት «ተ»። የመጽሔቱ ስም ከላይ በስተግራ፣ 14 ሚሊ ሜትር ከፍታ። ከታች ሦስት ርዕስ ከነገጻቸው። ቀኑ «ህዳር ፳፻፲፰ ዓ.ም. ቅፅ 3 ቁጥር 1»። ጀሪካኑ በ«ራ» እግር ላይ ትንሽ ተደርቧል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት «ተ»ዎች ላይ ትንንሽ ባልዲ ሥለናል።

#18 ፊደል ለቃሚ

ባልዲዎቹ ይውጡ። ቀልዱን አንባቢው ራሱ ይድረስበት፤ ባልዲ ስትጨምሩ ቀልዱን ማስረዳት ጀመራችሁ።

ቀኑ ላይ ሦስት ነገር። «ህዳር» እና «ቅፅ» ብላችኋል፤ ውስጥ ገጽ ላይ ግን «ኅዳር» እና «ቅጽ» ነው የሚለው። የትኛውንም ምረጡ፣ አንዱን ብቻ። ሽፋን ላይ «መጽሔት»፣ ማውጫ ላይ «መፅሄት» የሚል እትም አለመናበብን በአደባባይ ያሳያል። (ቃሉ በግዕዝ መስታወት ማለት ነው፤ መስታወት ደግሞ ሁለት መልክ አያሳይም።) ሁለተኛ፣ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር፣ ቅጹንና ቁጥሩን በሌላ ቁጥር አትቀላቅሉ። የግዕዙ ቁጥር ያምራል፣ ፳፻፲፰ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በ9 ነጥብ መጠን የላይና የታች ሰረዙ ከቁጥሩ ጋር ይጣበቃል፣ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ወይ ከ14 ነጥብ በላይ አሳድጉት ወይ 2018 በሉት። ሦስተኛ፣ የገጽ ቁጥሮቹ ከመጨረሻው ማውጫ ጋር ይመሳከሩ። ገጽ ሲዛወር ሽፋኑን የሚያስታውስ የለም።

#19 ዓይነ ውሃ

ጀሪካኑ የ«ራ»ን እግር መሸፈኑን እኔ አልወደድኩትም። የ«ራ»ን ልዩነት የሚይዘው እግሩ ነው፤ ሲሸፈን «ረ» ይሁን «ራ» ዓይን ያመነታል። 8 ሚሊ ሜትር ወደ ታች አውርዱት ወይም ከ«ራ» በስተቀኝ አቁሙት።

ሁለት ፈተና አድርጉ። በኤ4 አትማችሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉና 3 ሜትር ራቁ፦ «ተራ» በአንድ እይታ፣ የመጽሔቱ ስም ያለ ችግር መነበብ አለበት፤ ያ 14 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይመስለኛል፣ ለ3 ሜትር 25 ይሻላል። ሌላው፣ ምስሉን 160 ፒክስል ስፋት አድርጋችሁ ስልክ ላይ እዩት። ቻናላችሁ ላይ ፒዲኤፍ ስትለቁ ከፋይሉ ጎን የምትታየው ሥዕል ከዚያች ብዙም አትበልጥም። እዚያ ላይ ሦስቱ ትንንሽ ርዕሶች አይነበቡም፤ ግድ የለም። «ተራ» ከጠፋ ግን ሽፋኑ ጠፋ።

ለቴሌግራም ደግሞ የማተሚያውን ፋይል እንዳለ አትለጥፉ። ለብቻው በስክሪን ቀለም ይውጣ፤ ቢጫው በቀይ 255፣ በአረንጓዴ 205፣ በሰማያዊ 0 ቢሆን ከፓንቶን 116 ጋር ይቀራረባል። የፊቱን ገጽ ብቻ፣ ትርፉ ተቆርጦ፣ መጀመሪያ በፎቶ መልክ ልቀቁት፤ ፒዲኤፉ ከሥሩ ይከተል። በማግሥቱ የተዘረጋውን ሙሉ ወረፋ ልቀቁት።

#20 ሰላ ያለ

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን ለላሚኔሽኑ ማት (የማያብረቀርቀውን) አድርጉት፤ ሰሌዳ ላይ ግሎስ (የሚያብረቀርቀው) የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ፊደሉን ይበላዋል።

#21 ጋሼ ፕሌት

ማት ይሁን፤ ልጁ ልክ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሩና አምጡ፤ ማተሚያ ቤቱ ኖቶ ከሌለው «ተራ» ሁለት ሳጥን ሆና ትወጣለች። ከመቀየራችሁ በፊት የሚታረመውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡ፤ ቅርጽ የሆነ ፊደል ውስጥ «ኅ»ን ማረም አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሲነሣ አንድ ሰው ይገኝ። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አርባ ወረቀቶች ቀለማቸው እስኪረጋ የሚጣሉ ናቸው። ረግቷል ሲባል አንዱን አንሡ፣ ውጭ በፀሐይ ብርሃን ከጀሪካኑ ጎን አስቀምጣችሁ እዩት። ጀሪካኑን ይዛችሁ ኑ።

#22 የክበቡ ጸሐፊ

ባልዲዎቹ ወጥተዋል፣ ጀሪካኑ ወርዷል፣ ስሙ 25 ሚሊ ሜትር ሆኗል፣ «ኅዳር 2018» ብለናል። የቀለም መለያው ላይ ቢጫና ጥቁሩን ስናጠፋ የገጽ ቁጥሮቹ ቀርተው ተገኙ፤ ከወርድ የተገለበጡ ነበሩ። ተስተካክለዋል። ናሙናው ነገ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይገባል።